ባሕር ዛፍና ወራሽ፤ ስለ ቤተሰብ ደን ታሪክ አጭር ጥናት

ባሕር ዛፍ በአገራችን የተስፋፋው ፈጥኖ ስለሚያድግ ነው የሚለው አስተያየት የተለመደ ነው። አስተያየቱ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ፈጥኖ ተቆርጦ ሊያልቅ ይችላልና፣ የቤተሰብ ደን ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ ያደረገው ምን እንደ ሆነ ለይቶ መመርመር ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተመነጠረ አለቀ። ከእጥረቱም የተነሣ ዐፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከ1887 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ዋና ከተማው በስፍራው እንዲጸና ረዳ።

የመጀመሪያው ምክንያት የዛፉ ጠባይ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንደ ገና ለቆረጣ ይደርሳል። ስለዚህ አባት ግንዱን ቢሸጥም ሥሩን ለልጁ ያወርሳል።

ሁለተኛው ገበያ ነው። ማገዶና አጣና ፈላጊ አያጡም። ባለ ደኑ ለሠርግ ወይም ለተዝካር ገንዘብ ሲቸግረው ከዛፉ ከፊሉን ይሸጣል እንጂ መሬቱን አይለቅም። በ1905 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት፣ ዛፉ ምንጭ ያደርቃል በማለት፣ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ የሐር ትል የሚመገበው ዛፍ እንዲተካ አዝዞ ነበር። ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም፤ በየቤቱ ሥር የሰደደ ጥቅም በዐዋጅ ብቻ አይነቀልምና።

ሦስተኛውና ዋናው የውርስ ዋስትና ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለአዲስ አበባ የወጣው የመሬት ደንብ ይዞታን መሸጥንና ማውረስን አጸና። በ1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 31 ግን የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ መሸጥንና ማስያዝን ከለከለ፤ ሰፋፊ የግል ደኖችም ከባለቤቶቻቸው እጅ ወጡ። ጉቶው ያው ጉቶ፣ ገበያውም ያው ገበያ ሆኖ ሳለ፣ ነገ ማን እንደሚቆርጠው ያላወቀ ገበሬ የመትከል ፍላጎቱ ቀዘቀዘ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ ቢያቆይም፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ባደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዲኖረው፣ ሊያወርሰውም እንዲችል ደነገገ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቁጥር 1065ም የግል ደንን ዐውቆታል። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በጎጃምና በሸዋ ባሕር ዛፍ በየእርሻው ዳር መብዛቱ ከዋስትናው መመለስ ጋራ ሳይያያዝ አይቀርም።

አንድ ችግር ግን ይቀራል። ወራሾች ሲበዙ ደኑ እየተሸነሸነ ይሄዳል፤ የአንዱ ድርሻ ለእርሻ ሲመነጠር የሌላውም ይከተላል። ወራሾች ዛፉን ሳይከፋፍሉ የሽያጩን ዋጋ ቢካፈሉ ደኑ ይቆያል። እንግዲህ የቤተሰብ ደን የሚጸናው ዛፉ ስለሚያቆጠቁጥ ብቻ አይደለም፤ የተከለው ሰው ልጁ እንደሚቆርጠው ሲተማመን፣ ልጆቹም እርስ በርሳቸው ሲስማሙ ነው።