ሳይቆጠር የኖረ፣ ሳይቆጠር የሞተ፦ የኢትዮጵያ የሕዝብ ቆጠራ ታሪክና የዛሬው ክፍተት

የኢትዮጵያ ሕዝብ ስንት ነው? ቀላል ለሚመስለው ለዚህ ጥያቄ ዛሬ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ለ2023 ያወጣው ትንበያ 107 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለዚያው ዓመት የሚሰጠው ግምት ግን ከ125 ሚሊዮን ይበልጣል። በሁለቱ መካከል 20 ሚሊዮን ገደማ ሰው አለ፤ ይህም የሶማሊያን ጠቅላላ ሕዝብ ያህላል ማለት ነው። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ከሁለቱ አንዱም ቆጠራ አለመሆኑን ነው። መንግሥት ቤት ለቤት ዞሮ ሕዝቡን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው አኃዝ ሁሉ በወረቀት ላይ የተራባ ሕዝብ ነው።

በአገራችን መቆጠር ለሕዝቡ መልካም ዜና ሆኖ አያውቅም። በቀድሞው ሥርዓት ግብር ሲጣል የሚታየው የሰው ነፍስ ሳይሆን የምድጃ ጭስ ነበር፤ ጭሰኛ የሚለውም ስም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በሌላ በኩል ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር 70 ሺህ ሰው በቸነፈር እንዳለቀ በመጽሐፈ ሳሙኤል ሲነበብ የሚሰማ ምእመን፣ ቆጣሪን በጥርጣሬ ቢያይ የሚያስደንቅ አይሆንም። የከተማ ምሁራን ይህን ስጋት የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ሲያቀርቡት ኖረዋል። በእኛ አስተያየት ግን ገበሬው ከልምድ የተማረው ነገር ነበር፤ ስሙን ሊጽፍ የመጣ ሰው ወይ ግብር ሊጥልበት፣ ወይ ልጁን ሊወስድበት የመጣ ነበርና።

ዘመናዊው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ1950ዎቹ ሥራውን ሲጀምር አገሪቱን በሙሉ ለመቁጠር አቅም አልነበረውምና በናሙና ጥናት ተወሰነ። የመጀመሪያው ዙር ከ1956 እስከ 1959፣ ሁለተኛው ከ1960 እስከ 1963 ዓ.ም. ተካሄደ። ብዙም ሳይቆይ የወሎ ረሀብ ደረሰ። የሟቾቹን ቁጥር አንዳንዱ 40 ሺህ፣ ሌላው 200 ሺህ ይለዋል። ሥርዓተ መንግሥቱን ለመጣል ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የነበረው እልቂት፣ እስከ ዛሬ የተረጋገጠ ቁጥር የለውም።

የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነበር። ወሩን ማስታወስ ይገባል፤ ረሀቡ በሰሜን እየተስፋፋ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል እየተሸለመች የነበረችበት ወቅት ነው። ውጤቱ ኤርትራን ጨምሮ 42.6 ሚሊዮን ሆነ። ይህም እስከዚያ ድረስ ሲነገር ከነበረው ግምት በብዙ ሚሊዮን የሚበልጥ በመሆኑ የመንግሥቱን እቅድ አውጪዎች አስደንግጧል። ይሁንና በእርግጥ የተቆጠረው ከመቶ 80 ያህሉ ብቻ ሲሆን የቀረው በግምት የተሞላ ነው። ቆጣሪ ሊደርስባቸው ካልቻሉት አካባቢዎች ዋናዎቹ በጦርነት ውስጥ የነበሩት የኤርትራና የትግራይ ገጠሮች ነበሩ። እንግዲህ ረሀቡ እጅግ ከበረታባቸው ሥፍራዎች አንዳንዶቹ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሕዝብ መዝገብ ላይ የገቡት በግምት ነው። በማግስቱ 600 ሺህ ያህል ሰው በሰፈራ ስም ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጋዘ። መዝገቡ ቀለሙ ሳይደርቅ አረጀ። የዚያ ረሀብ ሟቾች 400 ሺህ ናቸው ወይስ 1 ሚሊዮን የሚለው ክርክር እስካሁን መቋጫ ያላገኘው፣ ከመሞታቸው በፊት ስንት እንደነበሩ በትክክል ስላልታወቀ ጭምር ነው።

ሁለተኛው ቆጠራ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ያለ ኤርትራ፣ 53.5 ሚሊዮን አስመዘገበ። በዚህ ጊዜ የቆጠራው ትርጉም ተለውጧል። ብሔረሰብ በቀደመውም ቆጠራ ተጠይቋል፤ አሁን ግን አስተዳደሩ በብሔር በመዋቀሩ፣ በቅጹ ላይ ያለችው አንዲት ዓምድ የበጀትና የሥልጣን መለኪያ ሆነች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችም በውጤቱ ላይ ተመሥርተው እንዲወሰኑ ያዛል። ይህ በተጻፈበት አገር ቆጣሪው የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ወደደም ጠላም ዳኛ ነው።

በ1997 ይጠበቅ የነበረው ሦስተኛው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ተካሄደ። የቆጠራው ዕለት ግንቦት 20 መሆኑ አጋጣሚ ይሁን ምርጫ ለአንባቢ እንተወዋለን። ጠቅላላው ድምር ወደ 73.9 ሚሊዮን ደረሰ። በ2001 ሪፖርቱ ለምክር ቤት ሲቀርብ ግን የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን፣ ማለትም ከተጠበቀው በ2.4 ሚሊዮን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የአገሪቱ አማካይ ዕድገት በዓመት 2.6 ከመቶ ሲሆን የክልሉ 1.7 ብቻ ነበር። ጥያቄው የተነሣው ከገዢው ፓርቲ አባላት ጭምር ነበር። ከፊሉ የወሊድ መቀነስ ነው አለ፤ ከፊሉ የቀድሞው ትንበያ ስህተት ነው አለ፤ ከፊሉ ደግሞ ሆን ተብሎ የተጎደለ ነው አለ። ከሦስቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ ሊያሳይ ይችል የነበረው ቀጣዩ ቆጠራ ነበር።

ያ ቆጠራ አልመጣም። በኅዳር 2010 እንዲካሄድ ታቅዶ፣ መሣሪያው ተገዝቶ፣ ቀኑ ደጋግሞ ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ2018 በግጭት ብቻ 2.9 ሚሊዮን ሰው በአገሩ ውስጥ ተፈናቀለ፤ ቤቱ የሌለን ሰው የት ይቆጥሩታል? ሰኔ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ለአንድ ዓመት አራዘሙት። ከዚያ ወረርሽኙ፣ ከዚያም ጦርነቱ ተከተለ። የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ግን ከሃያ ዓመታት በላይ 547 ሆኖ ቆይቷል፤ የክልሎች የድጎማ በጀትም ከ1999ኙ ቁጥር በተራቡ ትንበያዎች ላይ ያርፋል። አዲስ ቆጠራ ከነባሩ ድልድል የሚያጎድልበት ወገን ሁሉ መዘግየቱን ቢታገሠው ሊያስገርመን አይገባም።

የክፍተቱ ዋጋ በግልጽ የታየው በትግራይ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በተካሄደው ጦርነት የሞቱት እስከ 600 ሺህ ሊደርሱ እንደሚችሉ የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ተናግረዋል፤ ቁጥሩን በእጅጉ የሚያሳንሱትም አሉ። ክርክሩን ለመዳኘት ቢያንስ ከጦርነቱ በፊት በክልሉ ስንት ሰው ይኖር እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. 4.3 ሚሊዮን ነበር። በጦርነቱ ዋዜማ ግን አንዱ ከ5 ሚሊዮን ጥቂት ያልፋል ሲል፣ ሌላው ወደ 7 ሚሊዮን ያደርሰዋል። የመነሻው ልዩነት ብቻውን ከተጠቀሰው የሟች ቁጥር ይበልጣል። በዚህ ሁኔታ ለካጁም ሆነ ለአጋናኙ መንገዱ ክፍት ነው። በአማራና በአፋር ያለቁትም ከዚህ የተሻለ መዝገብ የላቸውም።

ቆጠራውን የሚተካ መዝገብ ተገኝቷል የሚሉ አሉ፤ ፋይዳ የተባለውን ብሔራዊ መታወቂያ በመጥቀስ። ነገር ግን ፋይዳ የሚመዘግበው ራሱን ሊያስመዘግብ የመጣውን ነው። ልደትና ሞት የሚጻፍበት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል፤ ሆኖም መዝጋቢው የሚቀመጠው በቀበሌ ነው፣ ጦርነት በደረሰበት ሥፍራ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘጋው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። እኛ በስደት ያለነው በምንኖርባቸው አገሮች ቆጠራ ውስጥ በየአሥር ዓመቱ እንገባለን፤ ዲሲና ስቶክሆልም የተቀመጠው ዘመዳችን በዚያ መዝገብ ላይ አለ። ላሊበላ አጠገብ በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ግን ዕድሜው ለጦር ሠራዊት ደርሷል፣ በአገሩ የሕዝብ ቆጠራ ላይ ገና አልተጻፈም።