የልብስ ቁጠባና የብሪታንያ የኩፖን ዘመን

ልብስ ለሰው ልጅ ገመናው መሸፈኛ፣ ከብርድና ከሐሩር መጠበቂያ፣ የክብሩም መግለጫ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው ለእህልና ለቤት ኪራይ የሚያደርገውን ስሌት ለልብሱ ሲያደርግ አይታይም። ርካሽ ልብስ መግዛትንም ቁጠባ ይለዋል። ነገር ግን ርካሹ ልብስ በጥቂት ወራት ካለቀ፣ ወይም ካለው ከሌላው ልብስ ጋር ካልተስማማ፣ ገንዘቡ ከመባከን አልዳነም። እውነተኛው የልብስ ቁጠባ አስቀድሞ ማሰብና ጥቂቱን ልብስ ለብዙ ጉዳይ ማዋል ነው። ይህንንም ለማስረዳት አንድ ሕዝብ በሞላው በሕግ ተገዶ የተማረበትን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 በተጀመረ ጊዜ ብሪታንያ ጥጡንም ሱፉንም አብዛኛውን በመርከብ ከባሕር ማዶ ታስመጣ ነበር። መርከቦቹ ግን ለጦር መሣሪያና ለምግብ ተፈለጉ፤ ፋብሪካዎችና ሠራተኞችም ወደ ጦርነቱ ሥራ ተዛወሩ፤ በሚሊዮን ለሚቈጠረውም ሠራዊት የደንብ ልብስ መሥራት ግድ ሆነ። በገበያ የቀረው ልብስ ስላነሰ ዋጋው ናረ። ነገሩ በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ ባለጸጋው ያለውን ሁሉ ሲገዛ ድኻው ዕርቃኑን ሊቀር ነበር።

ስለዚህ የንግድ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኦሊቨር ሊትልተን ሰኔ 1 ቀን 1941 ልብስ በራሽን እንዲሆን መወሰኑን ለሕዝብ አስታወቁ። ቀኑ እሑድ፣ ሱቆችም የተዘጉበት ዕለት ስለነበር፣ ወሬውን ሰምቶ ለመሻማት የሚሮጥ ሊኖር አልቻለም። ምስጢሩም እንዳይወጣ አዲስ የኩፖን ደብተር ቀደም ብሎ አልታተመም ነበርና፣ ሕዝቡ በመጀመሪያ በምግብ ደብተሩ ውስጥ የተረፈውን የማርጋሪን ኩፖን ለልብስ እንዲጠቀምበት ተደረገ።

ለአንድ ሰው በመጀመሪያው ዓመት የተሰጠው 66 ኩፖን ነው። የወንድ ኮት 13፣ ሱሪ 8፣ ሰደርያ 5 ኩፖን ያስከፍሉ ስለነበር ሙሉ ልብስ የገዛ ሰው 26 ኩፖን ያወጣል። ጫማ 7፣ ሸሚዝ 5 ሲጨመርበት ወጪው 38 ይደርሳል፤ ለቀረው ዓመት የሚተርፈው 28 ብቻ ነው። በኋላም ድርሻው ወደ 48 ዝቅ አለ። ከመስከረም 1945 እስከ ሚያዝያ 1946 ድረስ ባሉት ስምንት ወራትማ የተሰጠው 24 ኩፖን ብቻ ሲሆን፣ ይህ በወር ሲከፈል ሦስት ሦስት ይደርሳል። በ24 ኩፖን ደግሞ ከላይ የተቈጠረው ሙሉ ልብስ አይገኝም።

እንግዲህ እያንዳንዱ ገዥ ሳይወድ በግድ ሒሳብ ዐዋቂ ሆነ። ከመግዛቱ በፊት «ይህ ልብስ ያምራልን?» ብቻ ሳይሆን፣ «ስንት ዓመት ይቈያል? ለሥራም ለበዓልም ይሆናልን? ካለኝ ሱሪና ሸሚዝ ጋርስ ይስማማልን?» ብሎ ይጠይቅ ጀመር። ከአንድ ልብስ ጋር ብቻ የሚሄድ ቀለም መምረጥ ኩፖንን እንደ መጣል ተቈጠረ።

ሆኖም አንድ ጉድለት ወዲያው ታየ። ኩፖን ዓይነትን እንጂ ዋጋን አይመለከትም። ውድና ጠንካራ ኮት፣ ርካሽና ልል ኮት እኩል ኩፖን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ገንዘብ ያለው በኩፖኑ ዓመታት የሚያገለግል ሲገዛበት፣ የሌለው ቶሎ የሚያልቅ ይገዛበታል። መንግሥት ይህን ለማስተካከል የጨርቁን ጥራትና ዋጋውን የወሰነላቸው ልብሶች እንዲሠሩ አዘዘ፤ በ1942ም ከሽያጭ ግብር ነጻ አደረጋቸው። ልብሶቹ ይለዩ ዘንድ ልዩ ምልክት ይደረግባቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ጨርቅ እንዳይባክን ጥብቅ ደንብ ወጣ። የኪስና የቁልፍ ቍጥር ተወሰነ፤ የሴቶች ቀሚስ ሽንሽን ተቀነሰ፤ የወንዶች ሱሪ እግር ጫፉ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ተከለከለ። ወንዶች በዚህ የመጨረሻው ደንብ እጅግ ስላጉረመረሙ፣ አንዳንዱ ከቁመቱ የረዘመ ሱሪ ገዝቶ በቤቱ ያሳጥፍ ነበር። ይህም ደንብ በ1944 ተነሣ።

የታዘዘ ልብስ አስቀያሚ ይሆናል ተብሎም ተፈርቶ ነበር። ይህን ሐሜት ለማስቀረት መሥሪያ ቤቱ ኖርማን ሃርትኔልንና ሃርዲ ኤሚስን የመሳሰሉ ስመ ጥር የለንደን የልብስ ንድፍ ሠሪዎች ሥራውን እንዲያግዙ ጠየቀ። እነርሱም በተፈቀደው ጨርቅ ብቻ ካፖርት፣ ኮትና ጉርድ፣ ቀሚስም ነደፉ፤ ከንድፎቹም ብዙዎቹ በፋብሪካ ተሠርተው ለሕዝብ ተሸጡ። ጌጥ ከብዛት ሳይሆን ከልክና ከአቈራረጥ እንደሚመጣ በዚህ ታወቀ።

በ1943 ደግሞ መንግሥት «ባለው መጠቀምና መጠገን» የሚል ትርጕም ያለው መጽሐፍ አሳተመ፤ የስፌት ትምህርትም በየስፍራው ተሰጠ። ቀዳዳ ሳይሰፋ መድፋት፣ ያረጀ ሹራብ ተርትሮ እንደገና መሥራት፣ ወደ ጦር ግንባር የሄደውን ባል ሙሉ ልብስ ለሚስቲቱ አጥብቦ መስፋት የዘመኑ ብልኀት ሆነ። የአገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። ልጆች ቶሎ ስለሚያድጉ፣ የጠበባቸው ልብስ በሴቶች በጎ ፈቃድ ማኅበር የልውውጥ ስፍራ ሰፋ ባለ ይለወጥላቸው ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ሥርዐቱ ሁሉን እኩል አላደረገም። በ1941 ቁም ሣጥኑ ሙሉ የነበረ ሰው አሮጌውን እየጠገነ ሲሰነብት፣ ከመጀመሪያው አንድ ቅያሪ ብቻ የነበረው ግን የሚጠግነውም አልነበረውም። ኩፖን በሥውር የሚሸጡና የሚገዙም ነበሩ። ቢሆንም የሕጉ መንፈስ በሕዝቡ ዘንድ ጸንቶ ነበር። ልዕልት ኤልሳቤጥ በኅዳር 1947 ስታገባ፣ ለሙሽራ ልብሷ ይሁንሽ ብለው ኩፖናቸውን የላኩላት ሴቶች ነበሩ፤ ነገር ግን ኩፖንን ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ስለሆነ ለላኪዎቹ ተመለሰላቸው።

የልብስ ራሽን መጋቢት 15 ቀን 1949 ቀረ። ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር።

ከዚህ ታሪክ እኛ በደመወዝ የምንኖር ሰዎች የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ኩፖን የሚቈጥርብን ሕግ የለም፤ ደመወዛችን ግን ራሱ የተወሰነ ኩፖን ነው። እንግዲህ በዓመቱ መጀመሪያ ያለንን ልብስ እንቍጠር፤ የጐደለውን እንጻፍ፤ ሁለትና ሦስት ቀለም መርጠን ኮቱ ከሱሪዎቹ ሁሉ፣ ሸሚዙም ከኮቶቹ ሁሉ ጋር እንዲሄድ እናድርግ፤ የሚገዛውንም በዋጋው ብቻ ሳይሆን በሚለበስበት ቀን ብዛት እንመዝን። ብሪታንያውያን ይህን የተማሩት ጦርነት አስገድዷቸው ነው። ሳይገደድ የሚማር ግን በቤቱ ለልጆቹ ትምህርትና ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ ይተርፈዋል።