የሮሪ ማክልሮይ ረጅም መንገድ ወደ አረንጓዴው ኮት

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የአንድ ሰው ታሪክ ላውጋችሁ። ጎልፍ አላውቅም ብላችሁ አትራቁ፤ እኔም በዓመት አራት ጊዜ ብቻ፣ ታላላቆቹ ውድድሮች ሲደርሱ ብቅ የምል ተመልካች ነኝ። በሚያዝያ ማስተርስ፣ በግንቦት ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ፣ በሰኔ ዩኤስ ኦፕን፣ በሐምሌ ደግሞ ከ1860 ጀምሮ የሚታወቀው የብሪታንያው ዘ ኦፕን። አራቱን «ሜጀር» ይሏቸዋል። ሐሙስ ተጀምረው እሑድ ያልቃሉ፤ በቀን 18 ጉድጓድ፣ በአራት ቀን 72። ኳሷን በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ይህን ከያዛችሁ የቀረው የሰው ታሪክ ነው። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ሰውየው ሮሪ ማክልሮይ ይባላል። በ1989 በሰሜን አየርላንድ፣ ሆሊውድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ መጠጥ ቤት እየሠራ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ እያጸዳ፣ እናቱ በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ እየገባች ለአንድ ልጃቸው የጨዋታውን ወጪ ቻሉለት።

ልጁ አደገ። በ2011፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ በሚገኘው ኦገስታ ናሽናል ማስተርስን ሊያሸንፍ ተቃረበ። እሑድ ጠዋት በአራት ምት ይመራ ነበር። 10ኛው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ግን የመታት ኳስ ወደ ግራ በርራ፣ ሰው ሊደርስባት ከማያስበው ቦታ፣ ከእንግዳ ማረፊያዎቹ መካከል አረፈች። ከዚያ በኋላ መያዣ መጨበጫ አጣ። ቀኑን በ80 ምት ጨረሰ፤ ድሉም የሌላ ሰው ሆነ።

በዚያው ተሰብሮ ቀረ እንዳትሉ! ከሁለት ወር በኋላ ዩኤስ ኦፕንን በስምንት ምት ልዩነት ወሰደ። በ2012 ፒጂኤን፣ በ2014 ደግሞ ዘ ኦፕንንና ፒጂኤን በተከታታይ አሸነፈ። በ25 ዓመቱ አራት ሜጀር በእጁ ገባ። የቀረችው ማስተርስ ብቻ ናት። እሷን ቢጨምር አራቱንም በዘመናቸው ካሸነፉት ከጂን ሳራዘን፣ ከቤን ሆገን፣ ከጋሪ ፕሌየር፣ ከጃክ ኒክላውስና ከታይገር ውድስ ቀጥሎ ስድስተኛ ይሆናል።

እንግዲህ ሁሉም ሰው በቀጣዩ ሚያዝያ ጠበቀው። አልሆነም። በሌላው ዓመትም ጠበቀው፤ አልሆነም። ሌሎቹ ሜጀሮችም ፊታቸውን አዞሩበት። በ2024 በዩኤስ ኦፕን የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ፣ በሜዳው የሚያልፍ ሁሉ ትገባለች ብሎ የሚወራረድባትን አጭር ምት ሳታት፤ ዋንጫውም በአንድ ምት ልዩነት ለብራይሰን ዲሻምቦ ሆነ። እኔን ያሠረኝ ይህ ነው። እግር ኳስ ላይ የሚገፋህ፣ የሚነጥቅህ ባላጋራ አለ። እዚህ ኳሷ ቆማ ትጠብቅሃለች፤ ማንም አይነካህም፤ ያለፈው ዓመት ስህተትህ ግን አብሮህ ይቆማል።

የማስተርስ የመጨረሻ ቀን፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2025 ደረሰ። በእኛ ሆሳዕና ነበር። ሮሪ በሁለት ምት እየመራ፣ ከዚያው ከዲሻምቦ ጋር ተጣምሮ ወጣ። ገና በመጀመሪያው ጉድጓድ ሁለት ምት ከሰረ! ቀስ በቀስ መሪነቱን መለሰና አሰፋው፤ «በቃ፣ ዛሬ ነው» ሲባል፣ 13ኛው ላይ ከቅርብ ርቀት የመታትን ኳስ ወንዝ ውስጥ ጨመራት። በዚህ መሃል ከፊቱ የሚጫወተው እንግሊዛዊው ጀስቲን ሮዝ አንድ በአንድ እያጠበበ ደረሰበት።

15ኛው ላይ የሆነውን ግን ልብ በሉ። ዛፎች ፊቱን ጋርደውታል፤ ከማዶ ደግሞ ኩሬ አለ። የፈራ ሰው ኳሷን ከውሃው ወዲህ ያስቀምጣታል። ሮሪ መታት፤ ኳሷ ዛፎቹን ዞራ፣ ወደ ግራ ተቆልምማ፣ ውሃውን ተሻግራ ከጉድጓዱ ሁለት ሜትር ያህል ርቃ ቆመች። እዚያ አንድ ምት፣ 17ኛው ላይ ሌላ አንድ ምት አተረፈ። በ18ኛው ግን ኳሷ አሸዋ ገባች፤ አውጥቶ ካቀረባት በኋላም የሜትር ተኩል ያህሏን ምት ሳተ። ሮዝ ዕለቱን በ66 ጨርሷል፤ ሁለቱም በጠቅላላው 277 ሆኑ። ወደ 18ኛው መነሻ ተመልሰው እንዲለዩ ተወሰነ።

በመንገድ ላይ የልጅነት ጓደኛውና ዱላ ያዡ ሃሪ ዳይመንድ አንድ ነገር አለው፤ ሰኞ ጠዋት ይህን ዕድል ቢሰጡን በደስታ አንቀበልም ነበር ወይ? እውነት ነው። ሮሪ ኳሷን ከጉድጓዱ አጠገብ ጣላት። ሮዝ የመታት አልገባችም። የሮሪ ገባች። ዱላውን ወረወረ፣ ተንበረከከ፣ ፊቱን ሳሩ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፏል። ከዚያ የ2024ቱ የማስተርስ አሸናፊ ስኮቲ ሼፍለር ለአሸናፊ የሚሰጠውን አረንጓዴ ኮት አለበሰው፤ እሱም ለትንሿ ልጁ ከሕልምሽ ፈጽሞ ተስፋ አትቁረጪ አላት። ሌላ ሰው ቢለው እንደ ምክር ይሰማል፤ ከእሱ አፍ ግን የራሱ ዓመታት ምስክርነት ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ሮዝን እንበድለዋለን። በ2013 ዩኤስ ኦፕንን፣ በ2016 በሪዮ የኦሊምፒክ ወርቅን የወሰደ ሰው ነው። በ2017 በዚሁ ሜዳ፣ በዚሁ ዓይነት መለያ በሰርጂዮ ጋርሺያ ተሸንፏል። በዚያ ሌሊትም በ44 ዓመቱ፣ በመለያ ለሁለተኛ ጊዜ ተሸነፈ፤ ፊቱን ሳያጠቁር ሮሪን አቅፎ እንኳን ደስ አለህ አለው። አንድን ሰው በሽንፈቱ ዘመን ያልተከተለ፣ የድሉ ቀን ያን ያህል አይነካውም። ስለዚህ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሜጀር በደረሰ ቁጥር፣ ሐሙስ ውጤት ስከፍት አስቀድሜ የምፈልገው የጀስቲን ሮዝን ስም ነው።