ረጅሙን መንገድ ያሸነፈው ማን ነው?

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከታገደበት ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ፣ ሁለት የከተማ ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ አንድ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። «ኤሌክትሪኩ ለከተማ ይሁን፤ ለረጅም መንገድስ?» የሚል ነው። እኔን የሚገርመኝ ክርክሩ እንደ አዲስ መታየቱ ነው። ጉዳዩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውና አንድ ጊዜም ብይን የተሰጠበት ነው። ብይኑ ግን ብዙዎቻችን እንደምናስበው በሞተር ብልጫ ብቻ የተሰጠ አልነበረም። (ካልገለጽሁ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ወደ ኋላ መለስ እንበል። በ1900 በአሜሪካ ከተሠሩት አራት ሺህ ያህል መኪናዎች ውስጥ በቤንዚን የሚሄዱት ሩብ እንኳ አይሞሉም ነበር። የቀሩት የእንፋሎትና የኤሌክትሪክ ነበሩ። በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጠውም መኪና፣ ቤልጂጋዊው ካሚል ዠናትዚ በ1899 ፓሪስ አጠገብ የነዳው፣ ኤሌክትሪክ ነበር። የኤሌክትሪኩ መኪና አይጮህም፤ አያጨስም። የቤንዚኑ ግን ሞተሩን ለማስነሣት በእጅ መዘወር ነበረበት፤ ማዞሪያው ወደ ኋላ ሲመታም የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል።

ታዲያ ኤሌክትሪኩ ለምን ተሸነፈ? አንደኛው ምክንያት እውነተኛ የተፈጥሮ ልዩነት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይይዛል። የዚያን ዘመን የእርሳስ ባትሪ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የሚይዘው እጅግ ጥቂት ነበር። ሁለተኛውና በኔ ግምት የሚበልጠው ምክንያት ግን ስንቅ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ከከተማ ወሰን አያልፍም ነበር፤ ቤንዚን ግን በቆርቆሮ ተሞልቶ የትም ይደርሳል። በ1888 በርታ ቤንዝ የባሏን የካርል ቤንዝን መኪና ይዛ ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስትጓዝ፣ ነዳጅ ያገኘችው ቪስሎክ በምትባል ከተማ ከሚገኝ መድኃኒት ቤት ነበር። ማደያ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም፤ ነገር ግን መንገዱ ዳር የሚሸጥ ሰው ነበረ። የቤንዚን ድል የተጀመረው እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመሠረተ ልማትና የፖለቲካ ታሪክ ነው። በ1901 በቴክሳስ ስፒንድልቶፕ በተባለው ስፍራ ነዳጅ ከመሬት ፈነዳ። በ1908 የፎርድ ሞዴል ቲ ወጣ። በ1912 የካዲላክ መኪና በኤሌክትሪክ ማስነሻ መሸጥ ጀመረ፤ ማለትም ቤንዚንን ከማዞሪያው ጣጣ ያዳነው ራሱ ኤሌክትሪክ ነበር! በ1919 የአሜሪካ ጦር ተሽከርካሪዎች ከዋሽንግተን እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ለመድረስ 62 ቀናት ፈጀባቸው። በጉዞው ላይ የነበረ አይዘንሃወር የሚባል ወጣት መኮንን በ1956 ፕሬዚዳንት ሆኖ ታላቁን የአውራ ጎዳና ሕግ ፈረመ፤ ከወጪውም 90 በመቶውን የፌዴራሉ መንግሥት ቻለ። እንግዲህ ቤንዚን ረጅሙን መንገድ ያሸነፈው ብቻውን ሮጦ አይደለም፤ መንግሥት መንገዱን ስለ ጠረገለትና ነጋዴው በየመንገዱ ዳር ስንቁን ስለ ደረደረለት ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ንጽጽር እንምጣ። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ኃይል አብዛኛውን በሙቀት ያባክናል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አብዛኛውን ወደ ጎማ ያደርሳል። በፈጣን መንገድ ላይ ግን ሁለቱንም የሚፈትን ጠላት አለ፤ እርሱም ነፋስ ነው። ፍጥነት ከ60 ወደ 120 ሲያድግ የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በከተማ ቆጣቢ የነበረው ኤሌክትሪክ በፈጣን መንገድ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። የቤንዚኑ ታንክ በአምስት ደቂቃ ይሞላል፤ የኤሌክትሪኩ ባትሪ በፈጣን ቻርጀር እንኳ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠይቃል።

የእኛ አገር መልክዓ ምድር ደግሞ የራሱን ነገር ይጨምራል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሪኩን ግን ይህ አይነካውም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ኤሌክትሪኩ ፍሬኑን ወደ ኃይል ለውጦ ባትሪውን ይሞላል፤ ወደ ደጀን ሲወጣ ግን የተቀበለውንና ከዚያም በላይ ይከፍላል። በ2014 የተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ለዛሬ ባትሪ ፈተና አይደለም። ፈተናው ከዚያ በሚረዝሙት መንገዶች ላይ ነው፤ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ መቀሌ።

ቤንዚን በኢትዮጵያ ምን ዓይነት ጌታ እንደነበረ ግን መዘንጋት የለብንም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ከመምህራንና ከወታደሮች ቁጣ ጋር ተደምሮም በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ማጣሪያ በኤርትራ መለየት ከእጃችን ወጣ፤ በ1997ም ተዘጋ። ዛሬ አንድ ሊትር ቤንዚን ማደያ ከመድረሱ በፊት በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ አልፎ፣ በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። በአንጻሩ በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኃይል በገዛ ወንዛችን የሚመነጭ ነው። ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪክ መዞሩን በመርሕ ደረጃ የምቃወምበት ምክንያት የለኝም።

ጥያቄዬ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ኖርዌይ ለኤሌክትሪክ መኪና የቀረጥ ነፃነት መስጠት የጀመረችው በ1990 ነው። ከዚያም በዋና ዋና መንገዶቿ ላይ በየ50 ኪሎ ሜትሩ ፈጣን ቻርጀር እንዲቆም በመንግሥት ገንዘብ ደገፈች። በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪናዎች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ኤሌክትሪክ የሆኑት ከዚህ ሁሉ ዝግጅት በኋላ ነው። እኛ ግን በተቃራኒው ከእገዳው ጀመርን። አባቶቻችን «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ይላሉ። ለእኛ ፈረሱ ቀርቧል፤ ሜዳው ግን ገና አልተደለደለም።

እገዳ በአንድ ደብዳቤ ይወጣል፤ በየመቶ ኪሎ ሜትሩ መብራት የማይጠፋበት ቻርጅ ማድረጊያ ማቆም ግን ዓመታትና ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ ካልተሠራ ባለሀብቱ አሮጌውን የቤንዚን መኪና በውድ ገዝቶ አገሩን ይዞራል፤ ደመወዝተኛው ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪናው ከከተማው አጥር ሳይወጣ ይቀራል። በአሜሪካ የዛሬ መቶ ዓመት ኤሌክትሪኩን የገደለው ይኸው የከተማ አጥር ነበር። ከታሪክ የምንማር ከሆነ መንግሥትን መጠየቅ ያለብን ስንት መኪና እንዳስገባ ሳይሆን በየትኛው መንገድ ላይ ስንት ስንቅ እንዳኖረ ነው።