አማኑኤል አብርሃም፤ እምነትና የመንግሥት አገልግሎት በአንድ ባለአደራ ሕይወት

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ዋና መንገድ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪንና አምቦን አልፎ፣ ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ጉደር ይደርሳል። ከዚያም በጌዶና በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ ይቀጥላል። ይህ መስመር ወለጋን ከመናገሻው ከተማ ጋር ሲያገናኝ የኖረው በንግድና በአስተዳደር ብቻ አይደለም። ትምህርትና የወንጌል ስብከትም በዚሁ አቅጣጫ ተመላልሰዋል። በዘመናዊ ትምህርት ታሪካችን ውስጥ ስማቸው ከሚነሣው የምዕራብ ልጆች መካከል አንዱ ክቡር አቶ አማኑኤል አብርሃም ናቸው። መምህር፣ የትምህርት ሚኒስቴር ዋና ዲሬክተር፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትርና የቤተ ክርስቲያን መሪ ሆነው ሠርተዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሹመታቸውን ዝርዝር ማቅረብ አይደለም። እምነታቸው በመንግሥት ሥራቸው ላይ በምን መልክ እንደታየ፣ ይህም ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ምን ትርጉም እንዳለው ለመመርመር ነው።

የቦጂ ፊደል

አቶ አማኑኤል መጋቢት 8 ቀን 1905 ዓ.ም. በወለጋ፣ በቦጂ አካባቢ ተወለዱ። ቦጂ በዚያ ዘመን ከመናገሻው ከተማ እጅግ የራቀች ብትሆንም ከፊደል የራቀች አልነበረችም። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የተባሉ ካህን ከጓደኞቻቸው ጋር ወደዚያ ሄደው ወንጌልን እያስተማሩ ንባብንም ያስተምሩ ነበር። እኒህ ሰው ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ ሰው ለማዳን ሲሉ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

በነቀምቴ ደግሞ በባርነት ተሽጠው በምጽዋ ነፃ የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ ከ1896 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤት አቋቁመው ያስተምሩ ነበር። ኦኔሲሞስ በአስቴር ጋኖ እየተረዱ ወደ ኦሮምኛ የመለሱት መጽሐፍ ቅዱስ በኢትዮጵያ ፊደል ታትሞ የወጣው በ1891 ዓ.ም. ነው። ስለሆነም በምዕራብ የወንጌላውያን ቤተሰቦች ዘንድ እምነትን መቀበልና ማንበብን መማር የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም። የአቶ አማኑኤል አስተሳሰብ የተቀረጸው በዚህ ባህል ነው።

ከተማሪነት እስከ ለንደን

በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ ከወለጋ የመጣው ወጣት አማኑኤል ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ። ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላም የተላከው ወደ ማስተማር ሥራ ነበር። በዚያን ጊዜ ጨርጨርን ያስተዳድሩ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ለዘመናዊ ትምህርት ብዙ የደከሙ ሰው ነበሩ። ወጣቱ መምህርም በአውራጃው ዋና ከተማ በአሰበ ተፈሪ፣ በዛሬዋ ጭሮ፣ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሆነው አገለገሉ።

በ1927 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ለንደን ሲላኩ አቶ አማኑኤል ጸሐፊያቸው ሆነው ተከተሉ። ወራሪው ኃይል አገሪቱን ከያዘ በኋላ የለንደኑ ሌጋሲዮን የኢትዮጵያ ስም በይፋ ከሚጠራባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሆነ። አቶ አማኑኤልም ከሐኪም ወርቅነህ በኋላ ሌጋሲዮኑን በኃላፊነት ይዘው እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ። በአገር ቤት ግን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግድያ ጋር ተያይዞ ብዙዎቹ የተማሩ ወጣቶች ጠፍተው ነበር። ከድል በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የታየው የሰው እጥረት ምንጩ ይህ ነው።

በትምህርት ሚኒስቴር

አቶ አማኑኤል የትምህርት ሚኒስቴር ዋና ዲሬክተር ሆነው ከ1936 እስከ 1939 ዓ.ም. ሠሩ። መምህር፣ መጽሐፍና ሕንፃ ባልነበረበት ሁኔታ ትምህርት ቤቶች እንደገና የሚከፈቱበት ጊዜ ነበር። በ1936 ዓ.ም. የመምህራን ማሠልጠኛ በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ በ1938 ዓ.ም. የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ በጉደር መንገድ ላይ የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተመሠረተ። ይህ ትምህርት ቤት እያደገ ሄዶ የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ጉደርም ከዩኒቨርሲቲው ካምፓሶች የአንዱ መቀመጫ ናት።

በዚሁ ዘመን አቶ አማኑኤል ከባድ ክስ ቀረበባቸው። ክሱ የትምህርትን ዕድል ለኦሮሞ ልጆች፣ በተለይም ለወለጋ ተወላጆች፣ አብልጠው ይሰጣሉ የሚል ነበር። የሰጡት መልስ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። ቁጣ ወይም ልመና አላቀረቡም። በማስታወሻቸው እንደገለጹት ተማሪዎቹ በየወገናቸው እንዲቆጠሩ ተደርጎ፣ ቁጥሩ ራሱ ክሱ መሠረት የሌለው መሆኑን አሳየ። የተማሪዎች መዝገብ ለስታቲስቲክስ ብቻ የሚያዝ ወረቀት አለመሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል። በእውነት የተያዘ መዝገብ ሐሜትን የሚመልስ ምስክር ነው፤ ያልተያዘ መዝገብ ግን ባለሥልጣኑንም ተማሪውንም ለወሬ አሳልፎ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ፖሊሲ ውስጥ የነበረው ቅራኔ ሊሸፈን አይገባም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ጠቅላላ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ይደነግግ ነበር። በኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ከቆመ ማኅበረሰብ የወጡት ሰው፣ ያ ቋንቋ በትምህርት ገበታ ላይ ቦታ ባልነበረው ሥርዓት ውስጥ ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበሩ። የአንድ ሰው ቅንነት የአንድን ሥርዓት ጉድለት አይሞላም። ክሱ ለምን በእርሳቸው ላይ እንደተነሣ የሚገባውም ይህ ሁኔታ ሲታሰብ ነው።

ሁለት ኃላፊነት፣ አንድ ሰው

ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ አቶ አማኑኤል በህንድ፣ በኢጣሊያና በእንግሊዝ አገር ኢትዮጵያን ወከሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በንጉሠ ነገሥቱ ልዩ ካቢኔ ከሠሩ በኋላ፣ ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. የፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን፣ የመገናኛ፣ በመጨረሻም የማዕድን ሚኒስትር ሆኑ።

በዚህ መካከል፣ በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1955 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አድርጋ መረጠቻቸው። የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ፊታውራሪ ባይሳ ጃሞን ተክተው እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ፣ 22 ዓመት ሙሉ መሯት። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኒቱ በየምሥራች ድምፅ ስም ያካሄደችው የንባብና የጽሕፈት ትምህርት ዘመቻ ትምህርት ቤት ወዳልደረሰባቸው ቀበሌዎች ፊደልን አደረሰ። ይህም በ1890ዎቹ በቦጂ የተጀመረው ሥራ በሰፊው ሲቀጥል ማለት ነው።

የዚህ አመራር አስተሳሰብ ጎልቶ የታየው ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ነው። በዝግጅቱ ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። የውጭ ረጂዎች ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ቤትና ለውሃ ሥራ ገንዘብ ሲሰጡ ለስብከትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን ይቆጥቡ ነበር። ደብዳቤው ይህን አሠራር ተቃወመ። የሰው ልጅ ሥጋና ነፍስ ተብሎ እንደማይከፈል፣ ልማትም የሰውን ሁለንተና ካልያዘ ጎደሎ እንደሚሆን አስረዳ። ነገሩ ከፍ ያለ ክርክር አስነሥቶ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገበት። ከቤተ ክርስቲያን ክልል ወጥቶም ጥያቄው የዕቅድ አውጪዎች ጥያቄ ነው፤ የሚረዳው ሰው የራሱን ቅድሚያ የመወሰን ሥልጣን አለውን?

የፈተና ዓመታት

በ1966 ዓ.ም. ለውጥ ሲመጣ አቶ አማኑኤል እንደ ሌሎች ሚኒስትሮች ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ብዙ የቀድሞ ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ ሲገደሉ እርሳቸው በሕይወት ተረፉ፤ በዚያው ዓመትም ተለቀቁ። ከእስር በኋላ ወደ ግል ኑሮ ሊሸሹ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያኒቱን በአስቸጋሪው ዘመን መምራታቸውን ቀጠሉ። በ1969 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተወስደው ተገደሉ፤ በየአውራጃው ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። ሰውየው በዚህ ሁሉ መካከል ጉባኤ እየጠሩ፣ ሪፖርት እየሰሙ፣ ሥራው እንዳይቋረጥ ይጠብቁ ነበር።

በእንግሊዝኛ የጻፉት የሕይወት ማስታወሻ በ1995 እ.ኤ.አ. ኦስሎ ላይ ታተመ። በጥቅምት ወር 2009 ዓ.ም. በ103 ዓመታቸው ዐረፉ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደታየው የአቶ አማኑኤል እምነት በመሥሪያ ቤት ውስጥ የታየው በስብከት አይደለም። አደራን በመጠበቅ፣ ቁጥርን በእውነት በመያዝ፣ በክስና በእስራትም ጊዜ ሥራን ባለመተው ታየ። ፊደል በቀላሉ በማይገኝበት ዘመን የተማሩ በመሆናቸው ዕውቀታቸውን እንደ ግል ሀብት ሳይሆን እንደ ብድር ቆጥረው መለሱት።

ዛሬ በጉደር፣ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የአካባቢን ታሪክ ለሚያስተምሩ መምህራን ይህ ሕይወት ሦስት የሚጠኑ ጉዳዮችን ያቀርባል፤ የቋንቋና የትምህርት ዕድል ጥያቄን፣ የመዝገብን ኃይል፣ እንዲሁም በሥርዓት ጉድለትና በግለሰብ ቅንነት መካከል ያለውን ልዩነት። ተማሪዎች አቶ አማኑኤልን እንዲያመሰግኑ ብቻ ማስተማር ለእርሳቸውም ለታሪክም አይበቃም። በ1939 ዓ.ም. የቀረበውን ክስ ማን፣ ለምን እንዳነሣው፣ መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እንዲጠይቁ ማድረግ ግን እውነተኛ የታሪክ ትምህርት ነው።