ሹፌሩና ትኬት ቆራጩ

ሰሞኑን ከመካከላችን የአንዷ አባት ሐኪም ቤት ሄደው፣ «ስኳርም ግፊትም አለብዎት፤ ኪኒኑን ይውሰዱ፣ በየቀኑም በእግርዎ ይሂዱ» ተብለው ተመለሱ። አባባ ተናደዱ። «ደግሞ እግር መድኃኒት ሆነ?» አሉ። እኛም ሳቅን። በኋላ ግን ምክሩ ከየት እንደመጣ ስናጠያይቅ የለንደን አውቶቡስ ላይ አደረሰን።

ዘመኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው። በእንግሊዝ አገር ድንገተኛ የልብ ሕመም ሰው መጣል አብዝቷል፤ ምክንያቱን ግን በውል የሚያውቅ የለም። ዶክተር ጄሪ ሞሪስ የሰዎችን ሥራ መመርመር ጀመሩ። የለንደን አውቶቡስ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል። ትኬት ቆራጩ ደግሞ በቀን ከ500 በላይ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። መኪናው አንድ፣ መሥሪያ ቤቱ አንድ፣ ኑሯቸውም ተቀራራቢ።

31,000 ገደማ የትራንስፖርት ሠራተኞችን ያካተተው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1953 «ላንሴት» መጽሔት ላይ ወጣ። ትኬት ቆራጮቹ በልብ ሕመም የሚጠቁት ከሹፌሮቹ ባነሰ ቁጥር ነበር፤ ሲታመሙም የሚሞቱት ጥቂት ነበሩ።

«የትራፊኩ ጭንቀት ቢሆንስ?» ትሉ ይሆናል። ሞሪስም ይህን አላለፉትም። ፖስታ አዳዮችን ተቀምጠው ከሚሠሩ የስልክ ቤትና የቢሮ ሠራተኞች ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ ያው! እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ የደንብ ልብሱን መዝገብ ገልጠው የሹፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ መሆኑን አገኙ። ታዲያ ከመጀመሪያውም ወፈር ያለው ሰው ይሆን ሹፌርነትን የሚመርጠው? ጥያቄው ተገቢ ነበር። ለዚህም ነው በአንድ ጥናት ሳይቆም አሥርተ ዓመታት የተመረመረው።

ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። የአባባም ጥያቄ መልስ አለው፦ ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል። እግር ኪኒን አይተካም፤ ኪኒንን ግን ያግዛል።

ሞሪስ ራሳቸው ስፖርት ወዳድ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በ99 ዓመታቸው አረፉ። የአንድ ሰው ዕድሜ ማስረጃ እንደማይሆን ግን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

አባባ አሁን ኪኒናቸውን እየዋጡ፣ ማታ ማታ ከልጃቸው ጋር ወክ ጀምረዋል። እኛ ግን ይህን የጻፍነው ተቀምጠን ነው፤ እናንተም የምታነቡት ሳትቀመጡ አትቀሩም። በሉ እንነሳ!