የሕፃናት የጥርስ መቦርቦር

የሕፃናት የጥርስ መቦርቦር ስድስት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች የሚይዝ የወተት ጥርስ በሽታ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አንድ እንኳ የተቦረቦረ፣ በመቦርቦር ሳቢያ የተነቀለ ወይም የተሞላ የወተት ጥርስ ካለው በሽታው እንዳለበት ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የወተት ጥርሳቸው የተቦረቦረ ልጆች በዓለም ዙሪያ 514 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ገምቷል።

ጥርስን የሚበላው አሲድ ነው። አፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በተለይም ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የሚባለው፣ ልጁ የወሰደውን ስኳር ተመግበው አሲድ ያመነጫሉ። አሲዱ የጥርሱን የላይኛ ሽፋን (ኢናሜል) ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ ደግሞ አሲዱን እያለዘበ ማዕድኑን ይመልሳል፤ ለዚህ ግን ፋታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ልጁ በቀን ምን ያህል ጣፋጭ ወሰደ ከሚለው ባልተናነሰ ስንት ጊዜ ወሰደ የሚለው ይወስናል። ከሁሉ የሚከፋው ሌሊት ነው። በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ስለሚቀንስ፣ ስኳር ያለው ሻይ፣ ጭማቂ ወይም ወተት የያዘ ጡጦ አፉ ውስጥ እያለ የሚተኛ ልጅ ጥርሱ እስኪነጋ አሲድ ውስጥ ያድራል። ቀድመው የሚጎዱት የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ናቸው፤ የታችኞቹን ምላስና ምራቅ ይከላከሉላቸዋል። የመጀመሪያው ምልክት ድድ ሥር የሚታይ የደበዘዘ ነጭ መስመር ሲሆን የላይኛውን ከንፈር ገለጥ ያደረገ ወላጅ ሊያየው ይችላል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ጥርስ ያለ መሰርሰሪያ ሊያገግም ይችላል። መስመሩ ቡናማ ሆኖ ከተቦረቦረ በኋላ ግን፣ የወተት ጥርስ ሽፋን ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ፈጥኖ ነርቩ ዘንድ ይደርሳል።

ብዙ ቤተሰብ ሕክምናውን የሚያዘገየው «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» በሚል ነው። ከ20ዎቹ የወተት ጥርሶች የፊቶቹ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ይወልቃሉ፤ የኋለኞቹ መንጋጋዎች ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። በሦስት ዓመቱ መንጋጋው የተቦረቦረ ልጅ እንግዲህ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ በዚያው ጥርስ ማኘክ ይጠበቅበታል። መግል ከቋጠረ ከሥሩ የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል፤ ያለጊዜው ከተነቀለም አጠገቡ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ተጠግተው የቋሚውን ቦታ ያጠቡበታል።

ሕመሙ በልጁ አፍ ብቻ አይወሰንም። በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት፣ የጥርስ ችግር በልጁና በቤተሰቡ ላይ የሚያደርሰውን ጫና የሚለካና ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች የሚሠራበት መጠይቅ 13 ጥያቄዎች አሉት። ዘጠኙ ስለ ልጁ ናቸው፦ ሕመሙ፣ መብላትና መጠጣት መቸገሩ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ መነጫነጩ፣ ከመሳቅና ከመናገር መቆጠቡና የመሳሰሉት። አራቱ ወላጆችን የሚመለከቱ ሲሆኑ ስለ መጨነቃቸው፣ ጥፋተኛ ነኝ ስለ ማለታቸው፣ ከሥራ ስለ መቅረታቸውና ስለ ወጪው ይጠይቃሉ። የጥፋተኝነቱ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው እናት ላይ ነው፤ ይህም ትልቅ በደል ነው። ልጇ ሲያለቅስ ጡጦ የምትሰጠው ሌሊቱን ሙሉ ስታባብለው አድራ፣ በማግስቱ ሥራ ስለሚጠብቃት ነው። ጣፋጩ ርካሽና በየሱቁ የሚገኝ ሲሆን የጥርስ ሐኪም ግን ሩቅና ውድ ነው። የምታጠባ እናትም ራሷን ልትወቅስ አይገባም፤ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ጡት መጥባት ለመቦርቦር እንደማያጋልጥ ጥናቶች ያሳያሉ።

በኢትዮጵያና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የወላጅ ጭንቀት ሌላ መንገድ የያዘበት ጊዜም አለ። ሕፃኑን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ሰበቡ ጥርሱ ነው ተብሎ፣ ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ድዱ ተቀዶ ይወጣል። ይህ ልማድ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ያመጣል፤ ቋሚውን ክራንቻም ሊያበላሽ ይችላል። ተቅማጡን ግን አያድነውም።

መከላከያው የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ሲል ይጀምራል። ጥርሱ በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦረሻል፤ ሳሙናው እስከ ሦስት ዓመት የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። የሚቦርሸው አዋቂ መሆን አለበት፤ የሦስት ዓመት ልጅ እጅ ለዚህ አልጠናም። የጉድጓድ ውኃቸው ፍሎራይድ በሚበዛበት የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ያሉ ወላጆች ስለ ሳሙናው ባለሙያ ቢያማክሩ ይመረጣል።

ከሕክምናዎቹ ለቤተሰብ የሚቀለው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለው ፈሳሽ ነው። ያለ መርፌና ያለ መሰርሰሪያ በብሩሽ ይቀባና መቦርቦሩን ሊያስቆም ይችላል፤ የተበላውን ቦታ ግን ስለሚያጠቁረው ወላጆች አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቶታል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጭምር የተበላውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ጠርጎ የሚሞላው ዘዴ ደግሞ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ ነው። ብዙ ጥርሱ የተጎዳና ሊታገሥ የማይችል ትንሽ ልጅ በሙሉ ማደንዘዣ ይታከማል። በእንግሊዝ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ሆስፒታል ከሚገቡባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የተቦረቦረ ጥርስ ነው። በማደንዘዣ ከተደረገው ሕክምና በኋላ ጡጦውና ጣፋጩ ካልተለወጡ መቦርቦሩ ብዙ ጊዜ ስለሚመለስ፣ ለእነዚህ ልጆች በየሦስት ወሩ ክትትል ይመከራል።